ጆን ምቢቲን እንዴት እናንብባቸው? ስለ ጊዜ፣ ስለ እግዚአብሔርና ስለ አንድ ኬንያዊ ቄስ

ስለ አፍሪካ ሃይማኖቶች ማጥናት የጀመረ ተማሪ ቶሎ የሚያገኘው አንድ ስም አለ፦ ጆን ምቢቲ። ኬንያዊ የአንግሊካን ቄስና የሥነ መለኮት መምህር ናቸው። «የአፍሪካ ሃይማኖቶችና ፍልስፍና» የተባለውን መጽሐፍ በ1969 ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ሐሳብ ሰፍሯል። በባህላዊው የአፍሪካ አስተሳሰብ ሩቅ ወደፊት የሚባል ጊዜ የለም ማለት ይቻላል ይላሉ። ያለው ያለፈውና አሁን ያለው ነው።

ይህን ነጥሎ ያነበበ ሰው ይናደዳል። ንዴቱ ይገባኛል። አንድ ፈረንጅ ተናግሮት ቢሆን ኖሮ ስድብ ነው እንል ነበር። ነገር ግን ምቢቲ ወደዚህ ሐሳብ የደረሱት ስለ አህጉሩ ቁጭ ብለው ሲፈላሰፉ አይደለም። ነገሩ የተነሳው ከትውልድ ቀያቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ካልጀመርን ሰውየውን አናገኛቸውም።

ምቢቲ የተወለዱት በ1931 በምሥራቅ ኬንያ፣ ኪቱይ አካባቢ፣ ሙላንጎ በምትባል ቦታ ነው። ኬንያ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ወላጆቻቸው ገበሬዎች ናቸው። ሕዝባቸው ካምባ ይባላል። ወደዚያ አካባቢ ወንጌልን ያመጣው አፍሪካ ኢንላንድ ሚሽን የተባለ የሚሲዮናውያን ማኅበር ነበር። ማኅበሩ መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ቃሉ የሚያነብ፣ የጌታን ዳግም ምጽአት አጥብቆ የሚሰብክ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የሙሉ ታሪኩ ቁልፍ እሷ ናት።

ልጁ ጎበዝ ተማሪ ወጣው። በኬንያ ለአፍሪካውያን ከተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ስመ ጥር በነበረው አሊያንስ ተማሩ። ከዚያ ካምፓላ ወደሚገኘው ማኬሬሬ ኮሌጅ ገቡ፣ በ1953 ጨረሱ። ቀጥሎ አሜሪካ፣ ቀጥሎ እንግሊዝ። በ1963 ከኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በዚያው ጊዜ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ክህነት ተቀበሉና ሴንት አልባንስ በተባለች ከተማ ደብር ውስጥ አገለገሉ።

አንግሊካን ለሚለው ስም እንግዳ ለሆነ አንባቢ ትንሽ ልበል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሮም የተለየችው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንና በዓለም ዙሪያ ከእሷ ጋር ኅብረት ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት ናቸው አንግሊካን የሚባሉት። ብዙ ጊዜ ከፕሮቴስታንት ጋር ይቆጠራሉ። ሆኖም ጳጳስ፣ ቄስና ዲያቆን የሚለውን የክህነት ደረጃ አልተዉም። ቄሶቻቸው ያገባሉ። በእኛ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ጋብቻ ከክህነት ይቀድማል፤ በእነሱ ዘንድ ግን ቄስ ከሆኑ በኋላም ማግባት ይቻላል። ምቢቲም ስዊዘርላንዳዊት ባለቤታቸውን ያገቡት በ1965፣ ከቀሰሱ በኋላ ነው። አራት ልጆች ወልደዋል።

አሁን ወደ ቁልፏ ነገር። የኬምብሪጅ ጥናታቸው ርዕስ ሲሰሙት ደረቅ ነው። አዲስ ኪዳን ስለ ዓለም ፍጻሜ የሚያስተምረው ነገር በአፍሪካዊ አእምሮ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ጥያቄው ግን ከቀያቸው ሰዎች ሕይወት የወጣ ነው። ሚሲዮናውያኑ ኢየሱስ ይመጣል፣ ዓለም ያልፋል፣ ወርቅ የተነጠፈበት ከተማ ይጠብቃችኋል እያሉ ሰበኩ። ካምባዎቹ ሰሙ፤ አመኑም። የሰሙት ግን ሚሲዮናውያኑ ያሰቡትን አልነበረም። አንደኛ፣ ይመጣል ሲባሉ በቅርቡ፣ በእኛ ዕድሜ ብለው ነው የተረዱት። ሁለተኛ፣ ከተማውንም እሳቱንም ሀብቱንም በምሳሌነት ሳይሆን በእጅ እንደሚዳሰስ ዕቃ ነው የወሰዱት። ጊዜው ሲራዘም ግራ ተጋቡ።

ለምን በቅርቡ ብለው ተረዱ? ምቢቲ መልሱን የፈለጉት በቋንቋቸው ውስጥ ነው። የኪካምባንና የጎረቤቱን የኪኩዩን ግሦች ዘርዝረው መረመሩ። ላለፈው ነገር ብዙ ዓይነት አገላለጽ አለ። ዛሬ ጠዋት የሆነው፣ ትናንት የሆነው፣ ከዚያ በፊት የሆነው፣ መቼ እንደሆነ የማይታወቀው ጥንት፣ ሁሉም የየራሱ የግሥ ቅርጽ አለው። የወደፊቱ ግን አጭር ነው። ሩቁ የተባለው እንኳ ከጥቂት ወራት ብዙም አይዘልም። ቢለጠጥ ቢለጠጥ ሁለት ዓመት ነው። እንግዲህ አንድ ሰባኪ በዚህ ቋንቋ ጌታ ይመጣል ሲል ሰሚው በራሱ ሰዋስው እየተመራ ስድስት ወር ያህል ያስባል። ሰባኪው ሺህ ዓመትም ይሁን ሁለት ሺህ ዓመት ቢያስብ ቃሉ ያን ይዞ አይሄድም።

እኔ ይህን የጥናቱን ክፍል እጅግ እወደዋለሁ። ስለ ጥቁር ሰው አእምሮ የተደረገ ድምዳሜ አይደለም። ስብከት ለምን ተዛብቶ እንደተሰማ የሚያስረዳ፣ ሕዝቡንም የማይንቅ ትንታኔ ነው። ያልገባቸው ሞኞች ስለሆኑ ነው አይልም። የሰበኩላቸው ሰዎች ቋንቋቸውን ስላላወቁ ነው ይላል።

ምቢቲ በ1964 ወደ ማኬሬሬ በመምህርነት ተመለሱ። ዩጋንዳ ነፃ ከወጣች ሁለት ዓመት ገደማ፣ ኬንያ ደግሞ ገና ወራት ነበር። ስለ አፍሪካ ሃይማኖት እንዲያስተምሩ ተመደቡ። እሳቸው ራሳቸው ግን በትምህርት ዘመናቸው ሁሉ ያንን ትምህርት ማንም አላስተማራቸውም። የተጻፈውም ቢሆን አብዛኛው የፈረንጅ ጽሑፍ ነበር። ስለዚህ ራሳቸው መሰብሰብ ያዙ። ዝነኛው መጽሐፋቸው ከዚህ ሌክቸር የተወለደ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው የካምባው ግኝት አህጉሩን የሚያክል ልብስ የተሰፋለት።

ሐሳቡን ለማስረዳት ሁለት የስዋሂሊ ቃላት ወሰዱ፦ ሳሳ እና ዛማኒ። ሳሳ አሁን ማለት ነው፤ ግን ከደቂቃዋ ይሰፋል። እኔ የኖርኩት፣ የማስታውሰው፣ እየሆነ ያለውና ሊሆን የተቃረበው ሁሉ ሳሳ ውስጥ ነው። ዛማኒ ደግሞ ሁሉም ነገር ሄዶ የሚከማችበት ጥንት ነው። ጊዜ የሚሄደው እንግዲህ ወደፊት አይደለም፤ ከሳሳ ወደ ዛማኒ ወደ ኋላ ነው። ታሪክ ወደ አንድ መጨረሻ አይገሰግስም። የዓለም ፍጻሜ የሚባል ነገር የለም። ወርቃማው ዘመን ያለው ከኋላ ነው።

ይህን ከያዝን ስለ ሙታን የሚሉት ነገር ግልጽ ይሆናል። ሰው ሲሞት ወዲያው ወደ ዛማኒ አይገባም። በስሙ የሚያስታውሱት ሰዎች እስካሉ ድረስ የቤተሰቡ አባል ነው። ድርሻው ይሰጠዋል፣ መጠጥ ይፈስለታል፣ ምክር ይጠየቃል። ምቢቲ እነዚህን ሕያዋን ሙታን ብለው ጠሯቸው። ይህ እስከ አራትና አምስት ትውልድ ሊቆይ ይችላል። በስም የሚያውቀው የመጨረሻው ሰው ሲሞት ያ ሟች ስም ከሌላቸው መናፍስት ጋር ይቀላቀላል። ልጅ መውለድ ያን ያህል ትልቅ ነገር የሆነውም ለዚህ ነው ይላሉ። ልጅ የሌለው ሰው የሚያስታውሰው አያገኝም። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች የአያቶች አምልኮ ብለው ያጣጣሉትን ነገር እሳቸው ዝምድና ነው አሉ። ለሟቹ መጠጥ የሚያፈስለት ሰው እያመለከው ሳይሆን ቤተሰብነቱን እያደሰ ነው።

ጊዜ በሰዓት ቁጥር ሳይሆን በድርጊት ይለካል የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በዩጋንዳ የአንኮሌ ከብት አርቢዎች ቀናቸውን የሚከፍሉት በከብቱ ነው። የማለቢያ ሰዓት፣ የማረፊያ ሰዓት፣ ውሃ የመቅጃ ሰዓት፣ የማጠጫ ሰዓት አላቸው። ምቢቲ ከዚህ ተነስተው ፈረንጆቹን አንድ ነገር ያርማሉ። አፍሪካዊ ቁጭ ብሎ ስታዩት ጊዜ ያባክናል ትላላችሁ። እሱ ግን ወይ ጊዜን እየጠበቀ ነው፣ ወይ ጊዜን እየፈጠረ ነው። ጊዜ እንደ ሸቀጥ የሚሸጥና የሚገዛ ለሆነበት ሰው ይህ አይገባውም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ አፍሪካ የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ከሁለት ጎረቤት ቋንቋዎች ግሥ ተነስቶ ስለ አህጉሩ ሁሉ መናገር አይቻልም። ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሜ ጄክዬ የአካን ቋንቋን ይዘው ይህንኑ ተከራክረዋል፤ በአካን ዘንድ ስለ ሩቅ ወደፊት ማሰቢያም መናገሪያም አለ። እኛም ሩቅ ሳንሄድ ማስረጃ አለን። ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት፣ ልጠቅስ እችል ነበር፤ ግን ምቢቲ የሚያወሩት ክርስትናና እስልምና ከመግባታቸው በፊት ስለነበረው እምነት ስለሆነ ፍትሐዊ አይሆንም። የኦሮሞን ገዳ ግን እንውሰድ። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። አምስቱ ወገኖች ተራቸውን ጨርሰው ዙሩ እስኪመለስ አርባ ዓመት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ወገን ከአሁኑ ይዘጋጃል። አባት በየትኛው ዙር ላይ እንዳለ ከታወቀ የልጁም ተራ ይታወቃል። አርባ ዓመት ወደፊት የሚያሰላ ባህል ስለ ሩቅ ነገ አያስብም ሊባል አይችልም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ስለ ጊዜ የጻፉት ስለ ካምባ ሲሆን ያስተምራል፣ ስለ አህጉሩ ሲሆን አይቆምም። ምቢቲ የካምባዎቹን ጥያቄ ሲመልሱ የነበሩ ያህል ጥንቁቅ ሆነው ቢቀጥሉ ኖሮ ግማሹ ክርክር ባልተነሳ ነበር።

ስለ እግዚአብሔር የተናገሩት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ የደከሙት ድካም የሚያስገርም ነው። በ1970 ባሳተሙት ሁለተኛ ትልቅ መጽሐፋቸው ወደ 300 ከሚጠጉ የአፍሪካ ሕዝቦች ስለ ፈጣሪ የሚባለውን ሰበሰቡ። ስሞቹን፣ ጸሎቶቹን፣ ተረቶቹን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮቹን። ድምዳሜያቸው አጭር ነው። ሚሲዮናውያን እግዚአብሔርን ወደ አፍሪካ አላመጡትም፤ እሱ ነው እነሱን ያመጣቸው። ሕዝቡ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ወንጌል የጨመረው የኢየሱስን ስም ነው።

ይህ በባዶ የተነገረ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጎም ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ለኪኩዩዎች ንጋይ ተባለ፤ ሚሽኑ ከመምጣቱ በፊት ይጠሩት የነበረው ስም ነው። ለአካኖች ኦኛሜ ተባለ። በእኛም አገር ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 ባሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዋቀዮ ነው የተባለው። ተርጓሚዎቹ ከውጭ ስም ይዘው አልመጡም፤ ያለውን ወሰዱ። እንግዲህ ስሙን ከወሰዱ በኋላ ሕዝቡ እግዚአብሔርን አያውቅም ነበር ማለት እንዴት ይቻላል? ምቢቲ የሚጠይቁት ይህንን ነው።

ክርስትና በአፍሪካ የፈረንጅ ሃይማኖት ነው የሚለውንም አልተቀበሉም። ግብፅን፣ ኑቢያንና ኢትዮጵያን ጠቅሰው ክርስትና በዚህ አህጉር እጅግ ጥንታዊ ስለሆነ የአገር በቀል ሃይማኖት ሊባል ይገባዋል ብለዋል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካምፓላ ላይ፣ ከቅኝ ግዛት ገና ለወጡ ተማሪዎች ሲነገር ግን ክብደቱ ሌላ ነው።

መቼም ሁለት ጎራ መሐል የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን መመታቱ አይቀርም። ዩጋንዳዊው ገጣሚና ምሁር ኦኮት ፒቢቴክ በአንድ በኩል ተነሱ። ምቢቲና መሰሎቻቸው የአፍሪካን አማልክት የግሪክ ካባ አለበሷቸው አሉ። ሁሉን ቻይ፣ ሁሉን አዋቂ፣ በሁሉ ስፍራ የሚገኝ የሚሉት ቃላት የአውሮፓ ፍልስፍና እንጂ የገጠሩ ሰው አነጋገር አይደሉም፤ ቄሱ በአያቶቻቸው እምነት ውስጥ የራሳቸውን ክርስትና እያዩ ነው የሚል ክስ ነው። በሌላ በኩል ናይጄሪያዊው ወንጌላዊ የሥነ መለኮት ሊቅ ቢያንግ ካቶ ተነሱ። ምቢቲ ባህላዊውን ሃይማኖት ከሚገባው በላይ አክብረዋል፣ ወንጌልን አሳስተዋል፣ በመጨረሻ ሁሉም ይድናል ወደሚል እያዘነበሉ ነው አሉ። ለአንዱ ከልክ በላይ ክርስቲያን ናቸው፣ ለሌላው ክርስትናቸው አልበቃም።

የኦኮት ክስ ይከብደኛል። እውነትም የምቢቲ ዝርዝር አንዳንድ ጊዜ እንደ ካቴኪዝም፣ በጥያቄና መልስ እንደተዘጋጀ የክርስትና ትምህርት፣ ይነበባል። ሦስት መቶ ሕዝብ በአንድ አፍ ሲናገር ከተገኘ አንድ ሰው አስማምቶታል ማለት ነው። የካቶ ክስ ግን ለእኔ ሚዛን አይደፋም። እግዚአብሔር አስቀድሞ ሲሠራ ነበር ማለት ወንጌል አያስፈልግም ማለት አይደለም። ምቢቲም ይህን ብለው አያውቁም፤ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያገለገሉት ወንጌልን ነው።

ሦስተኛ ወቀሳ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ፣ ከራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ምቢቲ በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ የተነሳውን የጥቁሮች ሥነ መለኮት ይህ የእነሱ ትግል እንጂ የአፍሪካ ጉዳይ አይደለም በሚል መንፈስ ገሸሽ አድርገውት ነበር። የእኛ ሥነ መለኮት ከደስታ የሚወጣ ነው፣ የእነሱ ከሥቃይ ዓይነት አነጋገር ነው። በአፓርታይድ ሥር የሚኖሩት ዴዝሞንድ ቱቱ ሁለቱ የነፍስ ጓደኞች ናቸው ብለው መለሱ። አክለውም የአፍሪካ ሥነ መለኮት በድህነትና በጭቆና ላይ የሚቆርጥ ስለት አጥቷል አሉ። እዚህ ላይ ቱቱ ልክ ናቸው። ጨካኙ የዩጋንዳ ወታደራዊ ገዢ ኢዲ አሚን ሥልጣን የያዙት በ1971፣ ምቢቲ ካምፓላ እያሉ ነው። በመጽሐፎቻቸው ውስጥ ግን ስለ መንግሥትና ስለ ግፍ ብዙ አታገኙም።

በ1974 ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። በጄኔቫ አቅራቢያ ቦሴ የሚባለውን የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የማስተማሪያ ተቋም እስከ 1980 መሩ፤ ለቦታው የመጀመሪያው አፍሪካዊ ዳይሬክተር ናቸው። በዚያ ዘመን የጻፏት አንዲት ጽሑፍ ከመጽሐፎቻቸው ሁሉ ይበልጥ ልብ ትነካለች።

ታሪክ ይነግራሉ። አንድ አፍሪካዊ ወጣት ለዓመታት ውጭ አገር ሥነ መለኮት ተምሮ፣ ግሪክኛውን፣ ዕብራይስጡን፣ ጀርመንኛውን ጠግቦ፣ ዲግሪውን ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሲቀበለው እህቱ በድንገት ትወድቃለች። በሟች ዘመዷ መንፈስ ተይዛለች ይባላል። እሱ ሆስፒታል ውሰዷት ይላል፤ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የተማርከው ስለ እግዚአብሔር አይደለም እንዴ፣ እህትህን እርዳት ይሉታል። እሱም መጽሐፉን ያገላብጣል። ሩዶልፍ ቡልትማን የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ የአጋንንት ነገር የጥንት ሰዎች አነጋገር እንጂ እውን አይደለም ብለው ጨርሰውታል። እህቲቱ ግን መሬት ላይ ናት።

ታሪኩ የፈጠራ ነው፣ ግን በእንባ የተጻፈ ይመስለኛል። ምቢቲ ከዚህ ተነስተው የምዕራቡን ሊቃውንት ይጠይቃሉ። እኛ ከእናንተ ጋር ሥነ መለኮትን በልተናል፣ ጠጥተናል፣ አልመናል። እናንተን በደንብ እናውቃችኋለን። እናንተስ እኛን ታውቁናላችሁ? ለአፍሪካዊ ተማሪ የጀርመንን ሊቅ አለማንበብ ነውር ነው። ለጀርመናዊው ተማሪ አፍሪካዊውን አለማንበብ ምንም አይደለም። ይህ ሚዛን ዛሬም በብዙ ዩኒቨርሲቲ የማንበቢያ ዝርዝር ላይ ይታያል።

ከ1981 እስከ 1996 ቡርግዶርፍ በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ሪፎርምድ በሚባለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የደብር አገልጋይ ነበሩ። ጎን ለጎን በበርን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ፈረንጆች ወደ ካምባ ምድር ወንጌል ይዘው በመጡበት መንገድ አንድ የካምባ ልጅ ሄዶ አውሮፓውያንን አጠመቀ፣ አጋባ፣ ቀበረ።

ብዙ ሰው በስማቸው የሚያውቀው አንድ አባባል አለ፦ «እኔ ያለሁት እኛ ስላለን ነው፤ እኛ ካለን ደግሞ እኔ አለሁ።» ዛሬ በየፖስተሩ ይለጠፋል፣ ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው ከሚለው፣ ኡቡንቱ ከተባለው የደቡብ አፍሪካ ሐሳብ ጋር ይያያዛል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን የሚገኘው ስለ ዝምድናና ስለ ጎሳ በሚያወራው ክፍል ነው። እኛ የሚለው በሕይወት ያሉትን ብቻ አይደለም። በስም የሚታወሱት ሙታንና ገና ያልተወለዱትም አሉበት። ያልተወለዱትን የሚቆጥር ማኅበረሰብ ትንሽም ቢሆን ስለ ነገ ያስባል። ይህ ከራሳቸው የጊዜ ትንታኔ ጋር እንደሚጋጭ ለምን እንዳልጻፉበት ይገርመኛል።

በ2014፣ ከሰማንያ ዓመት ካለፉ በኋላ፣ አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛው ቀጥታ ወደ ኪካምባ ተርጉመው አሳተሙ። ብቻቸውን የሠሩት ሥራ ነው። ወጣት ሳሉ በኬምብሪጅ ያነሱት ጥያቄ እዚያ ላይ እጃቸው ውስጥ ገባ። ጌታ ይመጣል የሚለውን ግሥ በየትኛው ቅርጽ ይጻፉት? ለስድስት ወር በሚሆነው ወይስ በሌላ? ሚሲዮናውያኑን የተቹበትን ውሳኔ አሁን ራሳቸው መወሰን ነበረባቸው። በ2019 በ87 ዓመታቸው ቡርግዶርፍ ውስጥ አረፉ።

ምቢቲን ማንበብ የሚፈልግ ሰው ከጊዜው ምዕራፍ ባይጀምር ይሻላል። መጀመሪያ የእህቲቱን ታሪክ የያዘችውን አጭር ጽሑፍ ያንብብ። ቀጥሎ ስለ ካምባ ክርስቲያኖች የጻፉትን የኬምብሪጁን ጥናት ይመልከት፤ በ1971 በመጽሐፍ ወጥቷል። ዝነኛውን መጽሐፍ በመጨረሻ ይክፈተው። ያኔ አፍሪካውያን የሚል ቃል ባየ ቁጥር ካምባዎች ብሎ እያነበበ ይሂድ፤ ብዙው ነገር ቦታው ላይ ይቀመጥለታል።